ማን ሄዶ አየው? የ«ብርጭቆ ዝናብ» ፕላኔት ጉዳይ ከደሴ ሲመረመር

ጽሑፉን ሳታዩት አትቀሩም። ከምድር 64 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቃ የምትገኝ አንዲት ሰማያዊ ፕላኔት አለች ይላል። ንፋሷ በሰዓት 7,000 ኪሎ ሜትር ይጋልባል። የሚዘንብባት ብርጭቆ ነው። እሱም ቁልቁል አይወርድም፣ ወደ ጎን ይወረወራል። ከጽሑፉ ጋር አንድ የሚያምር ስዕል ይለጠፋል። ደሴ ውስጥ በተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፖች ይህ ነገር እየጠፋ እየተመለሰ ይዞራል።

ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ በዞረ ቁጥር እኔ ጋ ይደርሳል። ብዙዎቹ «እውነት ነው ወይ?» ብለው ነው የሚጠይቁት። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግን «ቲቸር፣ ማን ሄዶ አየው?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ጥያቄዋን ወደድኩት። «እውነት ነው» ብዬ ብመልስ ልጆቹ የሚያምኑት እኔን ነው። «ማን አየው? በምን አየው?» ሲባል ግን ማስረጃው ራሱ ወደ አደባባይ ይወጣል። ስለዚህ ከሥነ ፈለክ ክበቡ ልጆች ጋር የዚህችን ፕላኔት ጉዳይ ከሥሩ መረመርነው። ያገኘነውን እነሆ። ዓመቶቹ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልሱን ቀድሜ ልንገራችሁ። ማንም አላያትም። የሚለጠፈው ስዕል የሠዓሊ እጅ ነው። በቴሌስኮፕ ፎቶ ላይ ኮከቧ አንዲት ነጥብ ናት፤ ፕላኔቷ እዚያችው ነጥብ ውስጥ ተውጣለች። ስለ እሷ የምናውቀው ሁሉ የተገኘው የዚህችን ነጥብ ብርሃን በመለካትና በመቀናነስ ነው። እንዲያም ሆኖ የሚገርም ያህል ብዙ ነገር እናውቃለን። ችግሩ የምናውቀው ሁሉ እኩል አለመጠንከሩ ነው።

ባለጉዳይዋ

ኤችዲ 189733 ቢ ትባላለች። ስም አይሉት ስም፣ የመዝገብ ቁጥር ነው። ልጆቹ በዚህ ቅር ተሰኙ። «አቦል እያለች ይቺ ምን ስም አላት!» አለ አንዱ። እውነቱን ነው። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለሩቅ ኮከቦችና ፕላኔቶች ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቷ ደግሞ «አቦል» ተባሉ። ወሎ ተወልዶ በዚህ የማይኮራ የለም። አቦልም ከጁፒተር የምትበልጥ ግዙፍ ናት፤ ግን ከኮከቧ ራቅ ብላ ስለምትዞር አንድ ዙሯ ወደ 990 ቀን ይፈጅባታል። ስሟ ከጀበና ቢወርድም «ትኩስ» ከሚባሉት፣ ማለትም ኮከባቸው ሥር ተጠግተው ከሚግሉት ግዙፍ ፕላኔቶች ጎራ አትገባም።

የእኛዋ ትገባለች፣ ያውም ከነምልክቷ። ከኮከቧ ያላት ርቀት 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜርኩሪ እንኳ ከፀሐይ 58 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። አንድ ዙር ለመጨረስ 2 ቀን ከ5 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይበቃታል። እኛ አንድ እንቁጣጣሽ ጠብቀን እስክናከብር እሷ ኮከቧን ከ160 ጊዜ በላይ ዞራ ጨርሳለች። ክብደቷ ከጁፒተር በ13 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ስፋቷም እንደዚያው ሻል ይላል። የጋዝ ክምር ስለሆነች የሚረገጥ መሬት የላትም።

የተገኘችው በ2005 ነው። ፍራንሷ ቡሺና ባልደረቦቹ በደቡብ ፈረንሳይ በሚገኘው የኦት ፕሮቫንስ መመልከቻ ኤሎዲ በሚባል መሣሪያ የኮከቧን ብርሃን ሲተነትኑ ነበር። ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ በ1995 በፀሐይ መሰል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያዋን ፕላኔት ያገኙትና በ2019 ለኖቤል የበቁትም በዚሁ ቦታ፣ በዚሁ መሣሪያ ነው። ያቺም ትኩስ ግዙፍ ነበረች። ያኔ ብዙ ባለሙያ ነገሩን በጥርጣሬ ነበር ያየው። ጁፒተርን የሚያህል ነገር ኮከብ ሥር ተለጥፎ ምን ይሠራል? ዛሬ ብዙዎች የሚቀበሉት ሐሳብ እንዲህ ያሉ ፕላኔቶች ራቅ ካለ ቦታ ተወልደው በኋላ ወደ ውስጥ ተጠግተዋል የሚል ነው። እንዴት ተጠጉ የሚለው ገና ያከራክራል።

ማስረጃ አንድ፦ ፕላኔቷ ስትዞር ኮከቧንም ትንሽ ትንሽ ትጎትታለች። ኮከቧ አንዴ ወደ እኛ፣ አንዴ ከእኛ በሰከንድ 205 ሜትር ያህል ትወዛወዛለች። ጁፒተር ፀሐይን የሚያወዛውዛት በሰከንድ 12 ሜትር ተኩል ብቻ ነው። የ205 ሜትር ውዝዋዜ በ2005 ለነበሩት መሣሪያዎች ተራ ሥራ ነበር። የፕላኔቷ ክብደት የተሰላው ከዚህ ነው።

የላሊበላው ቀለበት

ማስረጃ ሁለት ላይ ስንደርስ ወሎ ለማስተማር ትመቻለች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ጠዋት ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይ መሐል ገብታ ዳሯን ብቻ እንደ ቀጭን ቀለበት ትታው ነበር። ልጆቹ ያኔ ገና ትንንሾች ነበሩ፤ ቀኑን የማያስታውስ ግን የለም። የእኛዋ ፕላኔት በየ2 ቀን ከ5 ሰዓቱ የምታደርገውም ይህንኑ ነው። በኮከቧና በእኛ መሐል ታልፋለች። ልዩነቱ ከዚህ ርቀት ቀለበትም ጥላም አይታይም። የሚታየው የብርሃኑ መቀነስ ብቻ ነው።

ቅነሳው 2.4 በመቶ ነው። የሚቆየውም ከሁለት ሰዓት ላነሰ ጊዜ፣ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ነው። ጁፒተር በፀሐይ ፊት ብታልፍ 1 በመቶ ያህል ነበር የምትቀንሰው። እዚህ የጨመረው ኮከቧ ከፀሐይ ስለምታንስ ነው። የፕላኔቷ ስፋት የታወቀው ከዚህ ቁጥር ነው። ክብደትና ስፋት ካለ ጥግግት ይወጣል፣ ከጥግግቱም ጋዝ መሆኗ ይታወቃል።

በእኔ አስተያየት የጉዳዩ ዋና ምሰሶ ይህ ነው። ከ2005 ወዲህ በምድር ላይ ባሉ ቴሌስኮፖች፣ በጠፈር ባሉትም፣ በግለሰቦች ጓሮ ባሉትም ተደጋግሞ ተለክቷል። የሚያወዛግብ አልተገኘበትም። ቴሌግራም ላይ ግን ማንም አይለጥፈውም፤ «2.4 በመቶ ደበዘዘች» ቢባል ማን ላይክ ያደርጋል?

ሙቀቱ

ፕላኔቷ ከኮከቧ ፊት ካለፈች በኋላ ዞራ ከጀርባዋ ትደበቃለች። ስትደበቅ የሚቀረው የኮከቧ ብርሃን ብቻ ነው። ከመደበቋ በፊት ከነበረው ላይ ይህን ስትቀንሱ የፕላኔቷ ድርሻ ይወጣል። ሄዘር ነትሰንና ባልደረቦቿ በ2007 ያሳተሙት ሥራ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ኮከቧን ከ30 ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ በሙቀት ጨረር ተመለከታት። ፕላኔቷ ስትዞር መጀመሪያ የጨለማ ፊቷ፣ ቀጥሎ የብርሃን ፊቷ ወደ እኛ ይዞራል። ያንን ለውጥ ተከትለው ከፀሐይ ሥርዓታችን ውጭ ላለ ፕላኔት የመጀመሪያውን የሙቀት ካርታ ሠሩ።

የብርሃኑ ወገን ወደ 940 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የጨለማው ወገን ወደ 700 ሆኖ ተገኘ። አንድ ፊቷ ሁልጊዜ ወደ ኮከቧ እንደዞረ ይቀራል ተብሎ ነው የሚታመነው። ታዲያ የማይመሽበት ወገን እንዲህ ሲግል፣ የማይነጋበት ወገን ለምን አልቀዘቀዘም? ሙቀቱን የሚያጓጉዝ ንፋስ ስላለ ነው። ካርታው ላይ ሌላም ፍንጭ አለ። በጣም የጋለው ቦታ ከኮከቧ ትክክለኛ ሥር ሳይሆን ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብሎ ተገኝቷል። ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ የሚበረታው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሳይሆን ዘወር ካለ በኋላ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው። ምክንያታቸው ግን ይለያያል፤ ኮምቦልቻ መሬቱ ቀስ ብሎ ስለሚግል ነው፣ እዚያ ግን ንፋሱ ትኩሱን ጋዝ እየገፋ ስለሚወስደው ነው።

የንፋሱ ፍጥነት በ2015 ለብቻው ተለካ። ፕላኔቷ ስታልፍ በሁለቱ ጠርዞቿ የሚያልፈውን ብርሃን ለይተው ያዩ ተመራማሪዎች በሰዓት ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ንፋስ አገኙ። የቴሌግራሙ 7,000 ቁጥር ከዚያ በፊት የወጣ ግምት ነው። ስለዚህ በንፋሱ በኩል ፖስቱ አላጋነነም፤ እንዲያውም አሳንሷል።

ሰማያዊው

እዚህ ላይ መሬቱ መለስለስ ይጀምራል። የቀለሟ ነገር የመጣው በ2013 ነው። የሀብል ቴሌስኮፕ ኮከቧን ፕላኔቷ ከመደበቋ በፊት፣ ስትደበቅና ከተደበቀች በኋላ ተመለከተ። በሰማያዊው ብርሃን ላይ ትንሽ ቅነሳ ታየ። ከዚያ በላይ ባለው ወደ አረንጓዴ በሚጠጋው ላይ ምንም አልታየም። እንግዲህ ፕላኔቷ ሰማያዊውን ትመልሳለች፣ ሌላውን ትውጣለች ማለት ነው ተባለ።

ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። የሰማያዊው ቅነሳ ከሚሊዮን 126 ነው። የመለኪያው ስህተት ደግሞ ወደላይም ወደታችም 37 ያህል። ከጎኑ የማለፊያውን ቅነሳ ጻፍኩት፤ እሱ ከሚሊዮን 24,000 ነው። ልጆቹ ዝም አሉ። አንደኛው ቁጥር ከጓሮ የሚለካ ነው። ሌላው ከጠፈር ሆኖ በጭንቅ የተለቀመ ነው። ሐሰት ነው እያልኩ አይደለም። የሠሩት ሰዎች ጠንቃቆች ናቸው፣ ስህተታቸውንም ራሳቸው ጽፈውታል። ፖስቱ ላይ ሲደርስ ግን 37ቷ ወደቀችና «ሰማያዊ ናት» ብቻ ቀረ። ባሕር ያላት የመሰላቸውም አልጠፉም። አብሽሩ፣ 900 ዲግሪ ላይ ባሕር የለም። ሰማያዊው ከተገኘ ምክንያቱ ብርሃን የሚበትን ጭጋግና ቢጫውን የሚውጥ ሶዲየም ነው የሚል ነው ማብራሪያው።

ብርጭቆውስ?

ፖስቱን ያስወደደው ይህ ነው፤ ከሁሉም የላላው ግን ይኸው ነው።

መነሻው አለው። ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ በሰማያዊ ብርሃን ሲለኳት ሰፋ፣ በቀይ ሲለኳት ጠበብ ትላለች። ይህ በላይኛው አየሯ ላይ ደቃቅ ብናኝ እንዳለ ይጠቁማል። በዚያ ሙቀት ብናኝ ሆኖ ሊቆይ የሚችለው ምንድን ነው ሲባል ሲሊኬት ተባለ፤ ይህም የአሸዋና የብርጭቆ ዘር ነው። ኃይለኛ ንፋስ አለ። ብናኝ አለ። ሁለቱን ሲያገናኙት «ወደ ጎን የሚዘንብ ብርጭቆ» የሚለው የመግለጫ አረፍተ ነገር ተወለደ።

በ2014 አንድ ቡድን ቆዩ አለ። ይህች ኮከብ ረባሽ ናት፣ ፊቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች ይበዛሉ። ነጠብጣቦቹ ፕላኔቷ በማታልፍበት በኩል ካሉ፣ ልክ ጭጋግ ያለ የሚያስመስል ውጤት ይሰጣሉ። ስለዚህ ከጭጋጉ የሚበዛው የኮከቧ ሥራ ሊሆን ይችላል አሉ። ጥሩ ክርክር ነው። ልጆቹ ከሁሉም አብልጠው የተከራከሩት በዚህ ላይ ነበር። ግማሾቹ «በቃ ብርጭቆው ቀረ» አሉ።

አልቀረም። በ2024 የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ መረጃ በብርሃን ወገኗ አየር ላይ የኳርትዝ ብናኝ ምልክት አሳየ። ኳርትዝ የተራ አሸዋ ዋና ማዕድን ነው። ይህኛው ከኮከቧ ነጠብጣብ ጋር ያን ያህል አይነካካም፤ የተለካው ከፕላኔቷ ከራሷ በሚወጣው ሙቀት ነውና። እንግዲህ ብናኙ አለ ለማለት ዛሬ ከ2013 የተሻለ ምክንያት አለን። «ይዘንባል» የሚለው ግን አሁንም የማንም መለኪያ አልደረሰበትም። ሲወድቅ ያየ የለም። ወደ ጎን ሲወረወር ያየ የለም። ጥሩ ግምት ነው፤ የብዕር ጌጥም አለበት።

እግረ መንገዴን የሚቴኑን ነገር ላንሳ፤ ከብርጭቆው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው። በ2008 በሀብል መረጃ ሚቴን ተገኘባት ተብሎ ትልቅ ዜና ሆነ። በ2011 ሌሎች ያንኑ መረጃ እንደገና ሲያሰሉ ውጤቱ በስሌቱ መንገድ የሚለዋወጥ ሆኖ አገኙት። በ2024 ጄምስ ዌብ ሲያይ ሚቴን የለም። ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ አሉ። ያልተጠበቀው ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መገኘቱ ነው፤ የገማ እንቁላል ሽታ የሚሰጠው ጋዝ። የ2008ቱን ዜና ያስተላለፈ ሁሉ የ2011ዱን አላስተላለፈም። አየሯ ወደ ጠፈር እየተነነ መሆኑም ተለክቷል፤ በ2011 ኮከቧ ፊት ላይ ኃይለኛ የጨረር ፍንጣቂ ከታየ ከሰዓታት በኋላ ትነቱ ታይቷል።

ከወሎ ምን ማድረግ ይቻላል

የምርመራው ፍሬ ለእኛ እዚህ ላይ ነው። ስዕሉ ላይ ያለው ነገር ሁሉ የጠፈር ቴሌስኮፕ ይጠይቃል። 2.4ቱ በመቶ ግን አይጠይቅም። በ2014 አንድ የቴክኖሎጂ መጽሔት ጸሐፊ በተራ ዲጂታል ካሜራና በቴሌፎቶ ሌንስ ይህችኑ ኮከብ ስትደበዝዝ መዝግቧታል። እንዲህ ያለ ካሜራ ደሴ ውስጥ ያልያዘ የሠርግ ፎቶ አንሺ የለም። የሚጎድለው ኮከቡን እየተከተለ ካሜራውን የሚያዞር ማቆሚያ ነው። እሱንም ራሳችን በእጃችን ልንሠራው እንችላለን።

ቦታችንም ይመቻል። ኮከቧ ቩልፔኩላ፣ ማለትም ትንሿ ቀበሮ በተባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ናት። ከደሴ ሲታይ ወደ ላይ ስትወጣ ከአናታችን በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ከተገኘችበት ከፈረንሳይ ይልቅ ለእኛ ከፍ ትላለች ማለት ነው። ከፍ ያለ ኮከብ የሚያልፈው አየር ቀጭን ነው፣ ልኬቱም ይጠራል። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ ከዚያ የተሻለ ቦታ ሲፈለግ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች የታሰቡት በከንቱ አይደለም።

ክረምት ላይ ኮከቧ ሌሊቱን ሙሉ አለች፣ ሰማዩ ግን የለም። መስከረም አጋማሽ ካለፈ በኋላ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አናታችን ላይ ትሆናለች። ደሴ ራሷ በጭጋጓ ምክንያት አትታመንም። ወደ ሐይቅ ወጣ ማለት ይሻላል፤ ውሃው ዳር ግን አትጠጉ፣ ጤዛው ሌንሱን ያለብሰዋል። በዓይን አትታይም፣ በባይኖኩላር ግን ትገኛለች። መጀመሪያ ኤም 27 የተባለችውን ደብዛዛ የጋዝ ደመና ፈልጉ። ከእሷ ወደ ምሥራቅ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ግማሽ ያህል ፈቀቅ ስትሉ ያለችው ናት። አሁን የሚደርሰን ብርሃኗ የተነሳው በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ ጃንሆይ ዙፋን ላይ ሳሉ ነው።

ፎቶውን ማለፊያው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ጀምሩ፣ ካበቃ በኋላም አንድ ሰዓት ጨምሩ። ሌንሱን ትንሽ አደብዝዙት፤ ብርሃኑ በብዙ ፒክስል ላይ ሲበተን ልኬቱ ይረጋጋል። ኮከቧን ብቻዋን አትለኩ። ሁልጊዜ በዚያው ፎቶ ውስጥ ካለች ሌላ ኮከብ ጋር አወዳድሩ፤ ስስ ደመና ቢያልፍ ሁለቱንም እኩል ስለሚቀንስ አያሳስታችሁም።

የቀን አያያዙን ልጆቹ ራሳቸው አሰሉት። አንድ ማለፊያ ካያችሁ፣ ከአምስት ዙር በኋላ ማለትም በ11ኛው ቀን 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትመጣለች። ከዘጠኝ ዙር በኋላ በ20ኛው ቀን ደግሞ 47 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች። ስለዚህ በአንድ ወቅት ከአንድ በላይ ዕድል አለ፤ የመጀመሪያው በደመና ቢበላሽ ተስፋ አትቁረጡ።

የማለፊያ ሰንጠረዦች በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚታተሙት። 3 ሰዓት ደምሩ፣ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱ። ሰንጠረዡ ማለፊያው የሚጀምረው 18:00 ላይ ነው ካለ የምሥራቅ አፍሪካ 21:00 ነው፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ማለት ነው። ካሜራው ግን ማታ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተደግኖ መጠበቅ አለበት።